መምህርት ጽጌ እና የጥርጊው ስንዴ

መምህርት ጽጌ መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች ከአርባ ቀን በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አለ? አርባ ቀን ሙሉ ስበላ ስጠጣ፣ ከጎረቤት ጋር ስስቅ፣ እሷ አፈር ውስጥ ነበረች። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልጅ እዚህ ኮምቦልቻ ድረስ መጥታ ደጄ ላይ ቆመችና፣ "ወይዘሮ ዘነበች እርስዎ ነዎት? አሰብ የነበሩት?" አለችኝ። አዎ ስላት፣ የመምህርት ጽጌ የእህት ልጅ ነኝ፣ አክስቴ አርፋለች አለች። የያዝኩት ሰፌድ ከእጄ ወደቀ። ምስሩ በረንዳው ላይ ፈሰሰ። አላነሳሁትም። ዶሮዎቹ መጥተው ለቅመው ጨረሱት፣ እኔ እዚያው እንደቆምኩ ነኝ።

ልጅቷ ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አውጥታ ሰጠችኝ። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተለበደ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር። ገና ሳየው አወቅኩት። ለዘነበች በእጇ ስጡልኝ ብላ ነው አለችኝ። ውሃ እንኳን ሳትጠጣ፣ መኪና ያመልጠኛል ብላ ሄደች። እኔም ደንግጬ የት ታማ፣ ማን አስታሟት፣ አንድ ነገር ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ሳምሪ፣ ደብተሩን ገና አትክፈቺው። እዚያ አልጋው ላይ ይቀመጥ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ አንቺ ትችያለሽ፤ ግን መጀመሪያ የምነግርሽን ጻፊ። ውስጡ አንድ ገጽ አለ፣ የእኔ የሆነ። ካልፈቀዱልኝ ምንም አልጽፍበትም ብላ ቃል ሰጥታኝ ነበር። እኔ ደግሞ አልፈቀድኩላትም። ጽፋበት ከሆነ ሞታም ቢሆን እቀየማታለሁ። ካልጻፈችበት ደግሞ ምን እንደምሆን አላውቅም። መጀመሪያ ማን እንደነበረች ልንገርሽ። እንዳልኩሽ ጻፊ፣ አታሳምሪው።

አሰብን አንቺ አታውቂያትም። ልጄ ትግስት፣ እናትሽ፣ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰማንያ ስምንት ይመስለኛል። አሰብ ሌላ አገር ሆናለች ከተባለ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። መርከቡ ግን ይመጣል፣ ስንዴው ይራገፋል፣ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይጭናል፤ እኛም እንሠራለን። አያትሽ ከሞተ ቆይቷል። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። ጠዋት ያጠብሽው ልብስ ገመድ ላይ ሳትሰቅይው ይደርቃል ብልሽ አታምኚኝም።

ሥራዬ ጆንያ መስፋት ነበር። ኩሊዎቹ ጆንያውን በመንጠቆ ሲስቡት ይቀደዳል። እኛ ሴቶቹ መርፌና ሲባጎ ይዘን ከሥር ከሥር እየተከተልን እንሰፋለን፣ የፈሰሰውን እንጠርጋለን። አቧራው ስለሚያፍን ፊታችንን እስከ ዓይናችን ድረስ በሻሽ እንጠመጥማለን። ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ማታ ስወጣ ታጥቤ፣ ሌላ ቀሚስ ለብሼ ነው ሰፈር የምገባው። ሰው የት ነው የምትሠሪው ሲለኝ "ወደብ" እላለሁ። ቢሮ ይመስለዋል፤ እኔም ዝም። እናትሽም ለጓደኞቿ "እናቴ ወደብ ናት" ነበር የምትለው። ተነጋግረን አይደለም።

ስለ ጥርጊው ደግሞ ልንገርሽ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው በሱ ነው። ከጆንያው ፈሶ መሬት ላይ የቀረውን ስንዴ ጠርገን ለብቻው እናጠራቅማለን፤ ከጠጠር፣ ከዝገት፣ ከዘይት ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ይደፋል። ማውጣት ግን ክልክል ነው። በር ላይ ይፈትሹሻል። የሆነው ሆኖ ሁላችንም እናወጣ ነበር። በቀሚስ እጥፋት፣ በሻሽ ውስጥ፣ በጡት መያዣ። ቤት ወስደሽ ታጥቢዋለሽ፣ ትለቅሚዋለሽ፣ ታሰጪውና ታስፈጪዋለሽ። ትንሽ የባሕር ባሕር ይሸታል። ሰፈሩ ሁሉ ይበላዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ይላል። አያትሽ የሞተ ዓመት ልጆቼን ያሳደግኩት በሱ ነው። በቃ፣ ነገርኩሽ።

መምህርት ጽጌ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች ናት፣ በደርግ ጊዜ። ሌሎቹ መምህራን መንግሥት ሲለወጥ ሲሄዱ እሷ ቀረች። ልጆቻችን በአማርኛ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ። አንገቷ ላይ ሁልጊዜ በውሃ የተነከረ ፎጣ አለ። ጠመኔዋን በዱቄት ወተት ጣሳ ነው የምትይዘው፤ መንገድ ላይ ስትመጣ ጣሳው ሲንኳኳ ከሩቅ ትታወቃለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። እናትሽ እንደምትለው፣ ለመስማት ሲሉ ልጆቹ ራሳቸው ጸጥ ይላሉ።

አንድ ቀን ልጆቹን በታሪክ የምታውቋቸውን አሥር ሰዎች ጥሩልኝ አለቻቸው። ጠሩ። ሁሉም ወንድ። እሺ፣ ሴት ጥሩልኝ ስትል አንዷ እመቤታችን አለች፣ ሌላው የንጉሡ ሚስት አለ። የንጉሡ ሚስት ስሟ ማን ነው ስትለው አላወቀም። መምህርት ጽጌ ሳቀች አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቅ ካርቶን እየለመነች፣ እየቆረጠች፣ የሴት ስም በትልልቁ እየጻፈች ግድግዳው ላይ ትለጥፍ ጀመር። በየሳምንቱ አንዲት ሴት።

እናትሽ አብረን ዕቃ እያጠብን ትነግረኛለች። ጎንደር ላይ ለልጇም ለልጅ ልጇም አገር ያስተዳደረች እቴጌ ነበረች አለችኝ። ለሃይማኖቷ ብላ ባሏን ጥላ ንጉሥን የተከራከረች ሴት ነበረች አለችኝ። ደግሞ በጥንት ጊዜ ባሕር ማዶ ለነበረ ንጉሥ ደብዳቤ የላከች ንግሥት ነበረች ስትለኝ፣ ሳሙናው ከእጄ አመለጠኝ። እኔ ባሕሩን በየቀኑ አየዋለሁ። አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ቃሏን በዚያ ላይ አሻግራለች? ሦስት ቀን ሙሉ ጆንያ እየሰፋሁ መርከቡን ባየሁ ቁጥር ስደነቅ ነበር። ይህ ሁሉ ተደርጎ እኛ ሳንሰማ እንዴት ቀረን?

መምህርቷ አንድ ልማድ ነበራት። ልጅ ተነስቶ እገሊት ይህን ሠራች ሲላት፣ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል ታደርግና፣ "ከሷ በፊትስ?" ትላለች። ያንን ማን አሳያት፣ ማን አስተማራት ማለቷ ነው። ልጆቹ ተማሩባት፤ ቤት ለቤት አስቸገሩን። ወጡን ከእናቴ ነው የተማርኩት ስል እናትሽ "ከሷ በፊትስ?" ትለኛለች። ብይ፣ አርፈሽ ብይ እላታለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። ከቤታችሁ አንዲት ሴት፣ የሠራችውን ጠይቃችሁ ጻፉ። እናትሽ ደብተሯን ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። ምን ሠራሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። እንዴት ምንም? ምንም አልሠራሁም ብለሽ ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣሳው ሲንኳኳ ሰማሁ። መምህርት ጽጌ መጣች። ምንም አልሠራሁም ያሉትን ሴት ለማየት ነው የመጣሁት አለች፣ እየሳቀች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዳቦ ሰጠኋት። ዳቦውን ስትቀበለኝ እጄን አየችው፣ አልለቀቀችውም። ይህ ጠባሳ የመርፌ ነው አለች። ልጅ ሆና እናቷ ስልቻ ስትሰፋ ታይ ነበር፤ በዚያ አወቀች።

ምን ልበልሽ፣ በዕድሜዬ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አፌ ተከፈተ። የጆንያ ስፌቴን ነገርኳት። ሌሎቹ ሴቶች የተቀደደውን ከላይ ከላይ ይሰፉታል፤ ክሬኑ ሲያነሳው እንደገና ይተረተራል። እኔ የቀዳዳውን ከንፈር ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ሄጄ ተመልሼ ነው የምሰፋው። የኔ ጆንያ ከክሬን ላይ ወድቆ እንኳን አይፈነዳም። ሾፌሮቹ በዓይናቸው ይለዩታል። መጋረጃ ያደረግኩትን ጆንያ አውርጄ አሳየኋት። በጣቷ እየዳሰሰች ቆየችና ራሷን ዘንበል አደረገች።

"ከእርስዎ በፊትስ?"

እስኪያነባኝ ሳቅኩ። ፋጡማ ናት አልኳት። ፋጡማ ከደባይሲማ በኩል የመጣች አፋር ናት፤ ወደቡ በር ላይ ወተትና ሰሌን ትሸጣለች። ሰሌኑን ስትሰፋ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ ቁጭ እያልኩ አይቼ ነው ጆንያ ላይ የሞከርኩት። መምህርቷ እውነትም ሰኞ ሄዳ ፋጡማን ጠየቀቻት። ፋጡማ ምን አለቻት መሰለሽ? እናቴ፣ እናቴን ደግሞ እናቷ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግመሏን ጠይቂ።

ያን ቅዳሜ ግን አልበቃኝም። ወዳጅ ያገኘሁ መሰለኝ። የሚበሉት ዳቦ ከምን እንደሆነ ያውቃሉ ብዬ ጠየቅኳትና የጥርጊውን ነገር ነገርኳት። ያንን ክፉ ዓመት፣ በቀሚሴ እጥፋት ያወጣሁትን፣ በር ላይ እየተፈተሽኩ ያለፍኩትን። መምህርቷ ማኘኳን አቆመች። አየችኝ። ከዚያ ዳቦዋን እስከ መጨረሻው በላች። እናትሽ በር ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። እኔ ይህን የቤት ወሬ አድርጌ ነው ያየሁት። የእንግዳ ጨዋታ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ወላጆች ተጠራን። የመኪና ሸራ ወጥረው ዳስ ሠርተዋል። ልጆቹ የየራሳቸውን ሴት መስለው ይወጣሉ ተባለ። የማውቀው ሰው ሁሉ አለ። የእኛ ካቦ፣ የሥራው አለቃችን ማለት ነው፣ ካቦ ደምሴ፣ ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ከፊት ተቀምጧል፤ ልጃቸው ከእናትሽ ጋር ነው የምትማረው። እሷ በወረቀት ዘውድ የጎንደሯን እቴጌ ሆና ወጣች፣ ተጨበጨበላት። ሌላዋ ደብዳቤ ላኪዋን ሆና ወጣች። እኔ እናትሽ የትኛዋን ንግሥት ትሆን ይሆን እያልኩ አንገቴን አሰግጌ እጠብቃለሁ።

ከዚያ አንዲት ሴት ወጣች። ፊቷ እስከ ዓይኗ በሻሽ የተጠመጠመ፣ ዱቄት የለበሰች፣ ትከሻዋ ላይ የተቀደደ ጆንያ። ሻሹ የእኔ ነው።

"ስሜ ዘነበች ነው" አለች እናትሽ። "በአሰብ ወደብ ጆንያ እሰፋለሁ።"

ከኋላ የሳቀ ሰው አለ። እናትሽ አልሰማችም። ቁጭ ብላ ሰፋችው፣ እንደኔው ከንፈሩን አጥፋ፤ መቼ እንደተማረችው እኔ አላውቅም። አሸዋ ሞልታ ከጠረጴዛ ላይ ጣለችው። አልፈነዳም። ሰዉ አጨበጨበ። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ። ግን ቀጠለች። ባሌ የሞተ ዓመት ልጆቼ እንዳይራቡ ብዬ ከመሬት የጠረግኩትን ስንዴ በቀሚሴ እጥፋት እያወጣሁ አሳደግኳቸው አለች፤ አንድም ቀን አልራቡም አለች፣ ደረቷን ነፍታ። ጭብጨባው ተቋረጠ። ሰዉ ሁሉ ወደ ካቦ ደምሴ ዞረ። ካቦ ደምሴ ጫማውን ያያል። እኔ እንዴት እንደወጣሁ፣ በየት በኩል ቤቴ እንደደረስኩ እስከ ዛሬ አላስታውሰውም።

በነጋታው ወደቡ በር ላይ ካቦ ደምሴ ቆሞ ጠበቀኝ። አልጮኸም። ጥሩ ሰው ነው፣ ከእኔ ይልቅ የከፋው እሱ ይመስላል።

"ዘነበች፣ መርፌሽን አስረክቢ" አለኝ። "አገር ሰምቷል። እኔ አልሰማሁም ልበል?"

መርፌውን ሰጠሁት። ሌላ እንጀራ አልነበረኝም፣ ሳምሪ። ያቺ መርፌ ብቻ ነበረች። ከዚያ ቀጥ ብዬ መምህርቷ ቤት ሄድኩ። ልብስ ታጥባለች። ሰላምም አላልኳት።

"ጓዳዬ የነገርኩዎትን አደባባይ አወጡት። ማን ፈቀደልዎ?"

ደነገጠች። ትግስት ነግራዎታለች ብዬ ነው አለች። ይኮራሉ ብዬ ነው አለች። ኩራቱን ላቡካው እንግዲህ፣ መርፌዬን ተቀብለውኛል አልኳት። እጇ ከነአረፋው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዚያ መሬቱ ላይ፣ እርጥቡ ላይ ቁጭ አለች። ከአፏ የወጣው አንድ ቃል ነው፦ "አልጠየቅኩም።" ለእኔ አይደለም የምትናገረው፣ ለራሷ ነው። ጥያት ሄድኩ።

እናትሽን በዚያ ሳምንት አላናገርኳትም። አንድ ቀን ብቻ፣ ያሳፍራል ብዬ አላሰብኩም፣ ከንግሥቶቹ ሁሉ ያንቺ ይበልጥብኛል አለችኝ። ሂጂ ውሃ ቅጂ አልኳት።

እሑድ ጠዋት ልጆች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ መምህርት ጽጌ ያንን ቀን የመጡትን ሁሉ ትጠራለች አሉ። አልሄድም ብዬ ነበር። ፋጡማ መጥታ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። እሷም ተጠርታለች፤ ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ግን መሄድ አለብን አለች። ያው ሸራ፣ ያው ወንበር፣ ያው ሰው። ካቦ ደምሴና አስካለ እዚያው ፊት ላይ። መምህርቷ ፎጣዋን ከአንገቷ አውርዳ፣ ልጆቹን ከፊት አቁማ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምጿ ተናገረች። የዚያን ቀን ቃሏን አልረሳውም።

"ልጆች፣ ስለ ሴቶች ታሪክ ሳስተምራችሁ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ። የሞቱትን ሄደን መጠየቅ አንችልም። ወይዘሮ ዘነበች ግን ከዚህ ሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ናቸው። የሳቸውን ሕይወት ሳልጠይቃቸው አወጣሁት።"

ከዚያ ወደ እኔ መጣችና በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። መምህርት፣ የተማረች፣ የእኔን ጉልበት። ፋጡማ "ወላሂ" ስትል ሰማኋት። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል፤ መምህር አጠፋሁ ሲል ሰምተው አያውቁማ። እኔስ መች ሰምቼ።

ግን አልጨረሰችም። ቀና አለችና ወደ ሰዉ ዞረች።

"ያንን ስንዴ እኔ በልቻለሁ፣ እያወቅኩ። ከዚህ መካከል ያልበላ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።"

ማንም አላወጣም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። የሾፌሮች ሚስቶች፣ የመጋዘን ጸሐፊዎች፣ ባለ ሱቁ፣ አንድም እጅ የለም። ከዚያ ካቦ ደምሴ፣ አለቃ ነውና፣ ቀስ ብሎ እጁን ማንሳት ጀመረ። ትከሻው ድረስ እንኳን አልደረሰም፤ አስካለ ያዘችውና ወደታች ጎተተችው።

"አውርድ" አለችው። "ዛሬ ጠዋት የበላኸው ምን መስሎሃል?"

ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ አንዷ አፏን በነጠላ ይዛ ጀመረች፣ ከዚያ ሁሉም። ሳቁ ሸራውን ያነሳው መሰለኝ። ካቦ ደምሴ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ምንም ሳይል መርፌዬን ዘረጋልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ስንወጣ ጀርባውን አዙሮ ሲጋራ ይለኩሳል።

ያን እሑድ ሰዉ ሲበተን መምህርቷ ይህንን ደብተር ይዛ መጣች። ስለ እርስዎ የጻፍኩትን ቀድጄ ጥያለሁ አለችኝ። ስምዎን ብቻ በአንድ ገጽ አናት ላይ ጽፌያለሁ፤ ሲፈቅዱልኝ ከሥሩ እጽፋለሁ፤ ካልፈቀዱ ባዶውን ይቀራል አለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ሥራዬ ተመለሰልኝ፣ ስሜ ግን አልተመለሰም። ሰፈሩ የጆንያዋ ይለኝ ጀመር። መጀመሪያ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እል ነበር። ቆይቶ ልብስ መቀየሩን ተውኩት፣ እንደዚያው በአቧራዬ እገባለሁ። ሾፌሮች በጆንያው ስፌት ጉዳይ ሊያወሩኝ ይቆማሉ። አንዲት የካቦ ደምሴ እህት ልጇን ስፌቱን አስተምሪልኝ ብላ አምጥታልኛለች። ቢሆንም ለመምህርቷ አልፈቀድኩም።

በየጊዜው መንገድ ላይ ጣሳዋን እያንኳኳች ትመጣለች።

"እንደምን ዋሉ እትዬ ዘነበች? ፈቀዱ?"

"ገና ነው" እላታለሁ።

"እሺ" ትለኛለች፣ ታልፋለች። አትለማመጥም፣ አትቀየምም። በሚቀጥለውም ትጠይቃለች። አንዳንዴ ፋጡማ አጠገቤ ሆና የዚህች ሴት ዕዳ አለብሽ እንዴ ትለኛለች። እኔ እስቃለሁ። ቂም ነው እል ነበር። ቂም አልነበረም፣ ሳምሪ። አሁን ሳስበው፣ በዕድሜዬ የእኔን እሺታ ቆሞ የጠበቀ ሰው እሷ ብቻ ናት። አባቴ ሲድረኝ አልጠየቀኝም። አሰብ ስመጣም ማንም አልጠየቀኝ። እሺ ካልኳት ሁለተኛ አትጠይቀኝም ብዬ ነው መሰለኝ እሺታዬን ያስቀመጥኩት።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ጦርነት ሊመጣ ነው ተባለ። ያለነው ሁሉ ዕቃችንን መጠቅለል ጀመርን። ልጆቼን ይዤ የወጣሁ ቀን፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቶ፣ ጣሳው ሲንኳኳ ሰማሁ። በመስኮቱ በኩል መጣች። ጠመኔ አልነበረበትም፣ ውሃ ሞልታ ነው ያመጣችው፣ ለመንገድ ብላ። አቀበለችን። እናትሽ እጇን ይዛ አልለቅም አለች። መምህርቷ እኔን አየችኝ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ።

"ፈቀዱ?"

አፌ ላይ ነበር። አዎ ልል ነበር። ግን እየሳቅኩ "ገና ነው" አልኳት፤ አገር ሲረጋጋ ይመጡና ይጠይቁኛል ማለቴ ነበር። እሷም ሳቀች። አውቶቡሱ ሄደ። ስዞር ፎጣዋን ፊቷ ላይ አድርጋዋለች፣ ለላቡ ይሁን ለሌላ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። መቼ እንደወጣች፣ የት እንደነበረች አላወቅኩም። እሷም የት እንዳለሁ መቼ እንዳወቀች አላውቅም። እየኖረች ሳለ ለምን አልመጣችም? ወይስ ገና ነው ያልኩትን እየጠበቀች ኖሯል?

እንግዲህ ነገርኩሽ። አሁን አምጪው። ክፈቺው።

ቀስ ብለሽ ግለጪ። እሱ ምንድን ነው? እሺ፣ የጎንደሯ ናት። እሱስ? ደብዳቤ ላኪዋ። እንዴት ነው እንዲህ ጥቅጥቅ ያለው? ጠርዙ ላይ ሁሉ ጽፋለች? ሽፋኑም ላይ? ወረቀት አልቆባት ነው አንቺ፣ አየሽ፣ መስመር ሁሉ ሞልቷል፣ በመሐል በመሐል ቁራጭ እየለጠፈች። ይህስ ማን ናት? ፋጡማ? የጣት አሻራ አለበት ነው የምትይኝ? ፈቅጃለሁ ብላ በጣቷ ፈርማላታለች! ይቺ ሴትዮ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ዕዳ አለብሽ እንዴ እያለች። አስካለም አለች? እሷም በጣቷ?

ቀጥይ።

ምን ሆንሽ? ለምን መግለጥ አቆምሽ?

አሳይኝ።

ስሜ ነው ይህ? እሱን እንኳን አውቀዋለሁ፣ እናትሽ አስተምራኛለች። ከሥሩስ? በጀርባውስ? ወደ ብርሃኑ አድርጊው። አንድም ነገር የለም?

አንድም።

ሽፋኑ ላይ እየጻፈች፣ ቁራጭ እየለጠፈች፣ ይህን ገጽ ይህን ሁሉ ዓመት ባዶውን አስቀመጠችው። ሳምሪ፣ ትንሽ ቆዪ። ውሃ ስጪኝ።

እኔ ደግሞ አየሽ ምን እያደረግኩ እንዳለሁ? ከጠዋት ጀምሮ ስለ እሷ እያወራሁ አስጽፍሻለሁ፣ ጉልበቴን እንደሳመች ሁሉ፣ አጠፋሁ እንዳለች ሁሉ። አልጠየቅኳትም። እሷ በእኔ ላይ ያጠፋችውን እኔም በሷ ላይ አጠፋሁ። የባሰው ደግሞ፣ ለሰው ሁሉ ከሷ በፊትስ እያለች ስትዞር፣ እሷን ማን እንዳስተማራት አንዳችን ጠይቀናት አናውቅም። ስልቻ ስትሰፋ የነበረች እናት እንደነበረቻት ብቻ ነው የማውቀው። ያቺን እናት ጻፊያት። ስሟን አላውቅም፣ ስሟን አላውቅም ብለሽ ጻፊ። የእህት ልጇን ፈልገን እንጠይቃታለን፤ ቦታ ተይላት።

አሁን የእስክሪብቶውን ቀለም አውራ ጣቴ ላይ ቀቢልኝ። ከስሜ አጠገብ፣ እንደ ፋጡማ። እጄን ያዥልኝ።

በቃ። ይድረቅ። ከሥሩ፣ ፈቅጃለሁ ብለሽ ጀምሪ።